ሦስት ጊዜ ይጠይቁ የነበሩት እትዬ ዲንቂቱ

ዛሬ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ገብቼ አለቀስኩ።

ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ባለሱቁ ሙደሲር ደወለ። «ጋሽ ይመር፣ እትዬ ዲንቂቱ ዐረፉ» አለኝ። ድንኳኑ የት እንደተጣለም ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ጫማዬን ከአልጋ ሥር እያወጣሁ ስለነበር የሰማሁት ግማሹን ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ፣ ከመናኸሪያው በላይ ድንኳን አየሁ፣ ገባሁ። በሩ ላይ ቆሜ ሳልሰስት አለቀስኩ። ሰዎች ደግፈው አስቀመጡኝ፤ ንፍሮ በሁለት እጄ ሞሉልኝ። ንፍሮውን አጋምሼ ቀና ስል ጥቁር ሪባን ከታሰረበት ፍሬም ውስጥ አንድ ሪዛም ሰውዬ ትክ ብሎ ያየኛል። በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። ሹልክ ብዬ ልወጣ ስነሣ የሟች ወንድም እጄን ያዘና ስለ ሟቹ ጥቂት እንድናገር ለመነኝ። ምን ላድርግ፣ ተናገርኩ። ደግና ለሰው አዛኝ እንደነበረ መሰከርኩ፤ ሁለት ሴቶችም አስለቀስኩ።

እትዬ ዲንቂቱ ይህን ቢሰሙ አይስቁም ነበር። አንዱን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሌላውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ሙደሲር ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንደሰማሁ፣ ነገሩ የቱ ጋ እንደጠፋ ከሥር ከሥሩ ይመረምሩኝ ነበር።

ከተማችንን መቱን ከጥንት የሚያውቅ ሰው እትዬ ዲንቂቱን መጀመሪያ ያወቃቸው በድምፃቸው ነው። የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ያኔ ወደ ቡሬ ወይም ወደ በደሌ መደወል የፈለገ ሰው ስልክ ቤት ሄዶ ይመዘገብና አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃል፤ እሳቸው ቀዳዳ በበዛበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ገመዱን ከዚህ ነቅለው እዚያ ይሰካሉ። ቡሬ ዝም ስትል እንደ ሌላው ኦፕሬተር «የለም» ብለው አይገላገሉም። «ጎሬ፣ አለሽ? እሺ፣ ጎሬ አለች» ይሉና ወደ እኛ ዞረው፣ እስከ ጎሬ ደኅና እንደሆነ፣ የጠፋው ከጎሬ ወዲያ እንደሆነ ያስረዱናል። ለሚጠብቅ ሰው ይህ ምን እንደሚጠቅመው ያኔ አይገባኝም ነበር። ሰዉ ግን ሳይደውል ሲወጣ እንኳ ጎሬ ድረስ ደርሶ የተመለሰ ያህል ቀለል ብሎት ይወጣ ነበር።

ሰሌዳው ተነቅሎ በራሱ የሚሠራው ሲመጣ ወደ ስልክ ክፍያ መቀበያው መስኮት ተዛወሩ፤ ቆይተውም ጡረታ ወጡ። ኢንተርኔት በገመድ በየቤቱ መግባት ሲጀምርና ራውተር የሚሉት ሳጥን በየሳሎኑ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲይዝ የከተማው ሰው እንደገና አስታወሳቸው። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። እሳቸው «ያው መስመር ነው፤ ሰሌዳው ነው ያነሰው» ይሉ ነበር።

አጭር ናቸው፤ ሹራባቸውን በሙቀትም አያወልቁም። ሌላው ሴት ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሳንቲም ስትቋጥር እሳቸው ካቻቢቴ ይቋጥራሉ። ሰው ቤት ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ማሽኑን አይነኩም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ።

«ማን ነካው?»

ሁሉም ሰው ማንም አልነካውም ይላል። ትንሽ ቆይተው በዚያው ድምፅ ይደግሙታል። ሦስተኛውን ሲጠይቁ «ዹጋ፣ ማሎ» ይጨምሩበታል፤ እውነቱን፣ እባክዎ ማለታቸው ነው። ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር።

«የመጀመሪያውን አፍ ነው የሚመልሰው» አሉኝ። «ሁለተኛውን እልህ ይመልሰዋል። ሰውየው ራሱ የሚመጣው በሦስተኛው ነው።»

በሦስተኛውም ካልመጣ ካቻቢቴያቸውን ቋጥረው ይሄዳሉ። ተቆጥተው አይደለም። እሳቸው የሚጠግኑት መጀመሪያ ወሬውን ነው፤ ወሬው ካልተቃና ዕቃው ላይ እጃቸውን አያሳርፉም።

ሙደሲርን በዚህ መንገድ ነው ድል ያደረጉት። ከቡታጅራ በኩል መጥቶ ሱቅ ከከፈተ ዘመን ያለፈው ሰው ነው፤ አፉ አይያዝም። የሱቁ ኢንተርኔት ሲጠፋ ማንም እንዳልነካው ሁለት ጊዜ ማለ። ሦስተኛው ላይ አዲስ የመጣ ቆርቆሮ እንዳለና እሱንም ራውተሩ ፊት ለፊት ደርድሮ እንዳስደገፈው ትዝ አለው። «ታዲያ ይሄ መንካት ነው?» ብሎ ተከራከረ። እትዬ ዲንቂቱ «ጎረቤቱን ቀየሩበት» ብለውት ቆርቆሮውን ራሱ እንዲያነሣ አደረጉት። እኔ በር ላይ ቆሜ እንዴት እንደሳቅሁበት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ምክንያቱም ተራው የእኔ ነበር።

እኔ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣሁ ነኝ። ታላቅ እህቴ አሚናት እዚያው ቀረች። ብዙ ዓመት በስልክ ስንገናኝ ኖረን፣ ኋላ ጆሮዋ ጨርሶ ጠፋ። ድምፄን መስማት ስትተው፣ ይመር ሞቷል ብላ ደመደመች። በእኛ አገር ለቅርብ ዘመድ ሞት እንደተሰማ አይነገርም፤ ቀን ተጠብቆ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። እሷም ልጇ ሰይድ መርዶዬን የደበቃት መሰላት። በእጁ ምልክት ቢያሳያት፣ ቢምል፣ አላመነችም። ፎቶዬን ላክሁላት። «ፎቶማ የሞተ ሰውም አለው» አለች አሉ። እህል መቅመስ እየተወች መጣች። እኔ እዚህ ሦስቴ እየበላሁ እሷ በእኔ ሐዘን ልትሞትብኝ ሆነ።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ሐያት መላ ፈጠረች። ላፕቶፕ ላከችልኝ፤ መስመሩንና ራውተሩንም አስገባችልኝ። በዚያ ወቅት በእኛ በኩል በሞባይል የሚሠራ ኢንተርኔት አልነበረም፤ ያለው በገመድ የሚመጣው ብቻ ነው። ሰይድ እናቱን ከገጠር ወደ ወረዳው ከተማ ያመጣታል፤ የጓደኛው ቢሮ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ይከፈትልናል፤ እኔ በምስል እታያለሁ፤ አሚናትም መኖሬን በዓይኗ አይታ ታምናለች። ይኸው ነበር ዕቅዱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ከፍቼ ስለማመድ ከታች ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እሱ ሦስት ተኩል ይላል። ዓመቱ ደግሞ ከእኛ በሰባት ዓመት ቀድሞ ሄዷል። እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ በደብዳቤ ላይ ቀን የመታሁ ሰው ነኝ። ቀኑ የተሳሳተ ወረቀት በእጄ አልፎ አያውቅም። ይህ ማሽን ነገ ቀጠሮዬን ያሳስተኛል ብዬ ፈራሁ። ስነካካ፣ ስነካካ፣ ሰዓቱን ራሱ የሚያስተካክልበትን ነገር አጠፋሁና ሁሉንም ወደ እኛ መለስኩት። ሰዓቱን ዘጠኝ ተኩል፣ ዓመቱን የእኛን። ወሩ ኅዳር ነው፤ ኅዳር ሦስተኛ ወር ስለሆነ ከዝርዝሩ ሦስተኛውን መረጥኩ። ጳጉሜን ቢሆን ኖሮ አሥራ ሦስተኛ ወር ስፈልግ እስካሁን እዚያው ነበርኩ። ከዚያ ራሴን አመስግኜ ክዳኑን ዘጋሁ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተላጭቼ፣ ከረባት አስሬ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ ከራውተሩ ጋር መገናኘቱን የሚያሳየው ምልክት ሙሉ ነው። የምንነጋገርበት ፕሮግራም ግን አንዲት ክብ እያሽከረከረ ይውላል። ሌላ ገጽ ልክፈት ብል ግራጫ ሆኖ የእንግሊዝኛ መዓት ይዘረግፍብኛል። አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። ላፕቶፑን ተሸክሜ ራውተሩ ወዳለበት ብፌ አስጠጋሁት፤ ያው ነው። አራት ሰዓት ላይ ሰይድ በዚያች በቁልፍ ስልኬ ደውሎ መድረሳቸውን ነገረኝ። አሚናት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን እያየች ነው።

በከረባቴ ሮጥኩ። እትዬ ዲንቂቱ ግቢያቸው ውስጥ ያሰጡትን ቡና እያገላበጡ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ቡናውን የሚያነሣላቸው ሰው አልነበረም፤ ልጃቸው ሌንሴ ያኔ ቡሬ ነበረች። ጉዳዩን ሳልጨርስላቸው ነጠላቸውን አነሡ።

ቤቴ ገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ማንም አልነካውም አልኩ። በዚህኛው አልዋሸሁም ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ፤ የተሳሳተ ሰዓት ማቃናት መንካት ነው ብዬ አላሰብኩማ።

ራውተሩን ከብፌው ውስጥ አወጡት። ባለቤቴ እንዳይቆሽሽ ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ዳንቴሉን አጥፈው አስቀመጡት። መብራቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ገመዱን ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ በጣታቸው ዳሰሱት። እያንዳንዱን ደረጃ ባለፉ ቁጥር እንደ ድሮው ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ እስከ ግድግዳው አለ፣ እስከ ሳጥኑ አለ። ከዚያ ፊቱ የተሰነጠቀ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ከእኔ ራውተር ጋር አገናኙት። አንድ ገጽ ከፈተላቸው። በዚያው እንደውል ብዬ እጄን ስዘረጋ «የካሜራው ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ምስልዎን አያሳያትም» ብለው መለሱት።

«እንግዲህ ከፖሉ የሚመጣው መስመር ደኅና ነው፣ ሳጥኑ ደኅና ነው» አሉ። «የቀራችሁት እርስዎና ይሄ ላፕቶፕ ናችሁ። ማን ነካው?»

ያን ጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሠራሁት ትዝ አለኝ። ትዝ ብሎኝም ዋጥኩት። ሰዓትና ምስል ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደግሞም የሙደሲር ሱቅ በር ላይ ስስቅ አይተውኛል። የመዝገብ ቤቱ ይመር ቀን አበላሸ ከሚባል ላፕቶፑ ይቃጠል። «ከፋብሪካው ይሆናል» አልኩ።

ቀጠሉ። የይለፍ ቃሉን አስረስተው እንደገና አስገቡ። ከራውተሩ ገመድ ስበው በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ያው ነው። ግራጫው ገጽ የሚለውን ለማንበብ ሁለቱንም መነጽር ደረቡ፤ የሁለታችንም እንግሊዝኛ እዚያ ድረስ አይደርስም። ሰዓቱን እንዴት አላዩትም? አይተውታል። የላፕቶፑ ሰዓት አምስት ተኩል ይላል፣ የእጃቸውም ሰዓት አምስት ተኩል ይላል፤ ዓይናቸው ደኅና ነው ብሎ አለፈው። ጥፋቴን ከራሳቸው ሰዓት ጋር አመሳስዬ ነበር የደበቅሁባቸው።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ። እትዬ ዲንቂቱ አንዴ ብቻ ወደ መስኮቱ አዩ። ያሰጡት ቡና ውጭ ነበር። ተመልሰው እኔን አዩኝ።

«ጋሽ ይመር፣ ማን ነካው? ዹጋ፣ ማሎ።»

እኔ ደግሞ ቀለድኩ። ጂን ካልሆነ በስተቀር ከዚህ ቤት እጁን ያሳረፈበት የለም አልኩ። ደስ የማይል ቀልድ ነው፤ ያን ዕለትም አላሳቀም። ካቻቢቴያቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ፣ ተነሡ፣ በር ላይ ሄደው ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።

ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ነበር፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል።

«አጎቴ፣ እናቴ ወጥታለች። ‹ይኸው፣ ይመር ቢኖር ቀጠሮ ያፈርስ ነበር? ጥቁር አምጡልኝ› እያለች ነው። ባጃጅ ላይ ልትወጣ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ስልኩን እንደያዝኩ አፌ ተከፈተ።

«ሰዓቱን አስተካክዬው ነበር» አልኩ። ለሰይድ ይሁን ለግድግዳው አላውቅም።

እትዬ ዲንቂቱ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እንዳደረጉ ዞሩ። «ወደ ምን?»

«ወደ እኛ።»

«ዓመቱንም?»

«ዓመቱንም። ወሩንም።»

አንድ ጫማ እንዳደረጉ ተመለሱና ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አልተሳደቡም፣ አልተሳለቁም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያጠፋሁትን ፈልገው መልሰው አበሩት፤ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ዘለለ፣ ዓመቱም ሰባት ዓመት ሮጠ። እየሠሩ በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው አስረዱኝ፦ እነዚህ ገጾች መታወቂያ ይዘው ነው የሚመጡት፣ መታወቂያቸው ላይ ቀን አለው፤ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የተቀመጠ ማሽን ሲያየው ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ይሆንበታል፣ በር ይዘጋል። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ያውም ቀጠሮው እንዳያልፈኝ ብዬ።

ክቧ መሽከርከሯን አቆመች።

በወዲያኛው በኩል ባዶ ወንበር ታየ። ሰይድ እናቱን ከባጃጁ አውርዶ እስኪያመጣት ድረስ ያንን ወንበር አየሁ። አሚናት ገብታ ስትቀመጥ ማልቀሷን አላቆመችም። እኔን አየችኝ፤ ልክ በዚያ ቅጽበት መስመሩ ተንቀረፈፈና ምስሌ ደርቆ ቀረ። «ፎቶ ነው» አለች። ሰይድ ወደ ስክሪኑ ይጠቁማል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሣ ነው። እጄን አወዛወዝኩ። ከረባቴን ፈታሁ። ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፣ ሰው ሠራሽ ጥርሴን አውልቄ ካሜራው ፊት ያዝኩት። ምስሉ በዚያው ሰዓት ተላቀቀ መሰለኝ፣ አሚናት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ደንቆሮ ሰው ሲስቅ ድምፁን አይመጥነውም፤ ቤቱን ሞላችው።

«የሞተ ሰው ጥርሱን አያወልቅም» አለች። ቀጥላም እንደ ልጅነቴ ተቆጣችኝና ጥርሴን መልሼ እንዳስገባ አዘዘችኝ።

ዞር ስል እትዬ ዲንቂቱ የሉም። ዝናቡ ውስጥ ወጥተዋል። በማግሥቱ በአጥራቸው በኩል ሳልፍ የበሰበሰውን ቡና ከተረፈው ይለዩ ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰኞ ዕለት ሙደሲር ሱቅ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ታሪኩን አወራሁት። እንዲህ ብዬ፦ እትዬ ዲንቂቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሳጥኑን ሲያገላብጡ ቆይተው አቅቷቸው ተነሡ፤ ነገሩ ከሰዓቱ መሆኑን በመጨረሻ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነች አንዲት ቃል ፈልጉልኝ። የለችም። መዝገብ ቤት የተማርኩት ይህንን ነው፤ ቃሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ደብዳቤው ሐሰት የሚሆንበት አጻጻፍ አለ። ሱቁ ሳቀ። እኔም ስለተሳቀልኝ በሌላም ቀን ደገምኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ እትዬ ዲንቂቱ ደክመዋል ማለት ጀመረ። ራውተሩ የጠፋበት ሁሉ መናኸሪያው አካባቢ ያለውን ባለሙያ መጥራት ያዘ። እሳቸው ወሬው የት እንደጀመረ ለማወቅ ብዙ የሚደክሙ ሴት አልነበሩም፤ ሥራቸው ነዋ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን እንደ ድሮው ቆመው ስለ አሚናት ይጠይቁኛል። እኔ እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ቀልድ ይወጣል። ይህ አፌ ስንት ጊዜ እንዳናደደኝ ለማንም አልነገርኩም። ሲታመሙም ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመልሻለሁ።

ዛሬ ቀትር ላይ ሪዛሙን ሰውዬ ተሰናብቼ ትክክለኛው ድንኳን ደረስኩ። ሌንሴ አየችኝና ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ አጠገባችን ያሉት ሁሉ እየሰሙ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ የእርስዎን ነገር ሳታነሣ አትውልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ሰዓቱንና ቀኑን ነው፤ ስንቱን በዚያ አገኘችው። ‹እኔ አልፌው ነበር፤ ጋሽ ይመር ናቸው እውነቱን ነግረው ያስተማሩኝ› ትል ነበር።»

ሙደሲር ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹም ነበሩ። የሚጠበቅብኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ እናትሽ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስት ጊዜ ደብቄያቸዋለሁ፣ በስማቸውም ቀልጄባቸዋለሁ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁና «አዎ፣ እንዲሁ ይሉኝ ነበር» አልኳት። ጽናቱን ይስጥሽ ብዬም ተቀመጥኩ።

ለሌንሴ ያቺ ዓረፍተ ነገር አለብኝ። አጭር ናት። እዚህ ወረቀት ላይ ጽፌያታለሁ፤ ከአፌ ግን ገና አልወጣችም።